ሳትለካ ትቆርጣለህ? ከሆድ ከረጢት ጋር ስለ መስገድ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰፈሬ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ነው። ዓሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ አይደለሁም፣ ሐኪምም አይደለሁም። ይህን የምጽፈው እኔ በአምስት ወር መከራ የተማርኩትን ሌላው ሰው በአንድ ማታ አንብቦ እንዲገላገል ብዬ ነው። የማወራው ስለ ሰገራ ነው። ምግብ ላይ ያላችሁ ብሉና ተመለሱ።

2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በፊንጢጣ ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። የሕመሙን ነገር እዘለዋለሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አልፏል። የቀረው ይሄ ነው፦ ታችኛው መውጫ ተዘጋ። የትልቁን አንጀት ጫፍ በግራ በኩል፣ ከእምብርቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በሆዴ ላይ አወጡት። ኮሎስቶሚ ይባላል። ሰገራውም አየሩም በዚያ ይወጣል። እዚያ ላይ የሚይዝ ጡንቻ ስለሌለ ቆይ ብትሉት አይቆይም። ስለዚህ ከረጢት ይለጠፍበታል። እኛ ባለቤቶቹ ባግ ነው የምንለው። "ለስንት ጊዜ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። "ለሁልጊዜ" አሉኝ።

ከሆስፒታል ስወጣ ስለ ቁስሉ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ቀጠሮው ተነገረኝ። ስለ ሶላት ማንም አላነሳልኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ምን ብዬ ልጠይቅ? አፍሬ ነው።

ቤት ገባሁና የመጀመሪያውን ዙህር፣ የቀትሩን ሶላት፣ ለመስገድ ተነሳሁ። ውዱእ፣ የሶላት ትጥበት፣ አደረግኩ። ገና እግሬን ሳልጨርስ ባጉ እንደ ፊኛ ተነፋ። አየር ነው። ውዱእ ፈረሰ አልኩና እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ተነፋ። አራተኛው ላይ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ "ምነው፣ ውሃው አልደርስ አለህ እንዴ?" አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። አምስተኛው ላይ ጣሳውን አስቀምጬ አልጋዬ ላይ ተኛሁ። በዚያ ቀን አልሰገድኩም። በማግስቱም አልሰገድኩም። "ሲሻለኝ ያለፈኝን ሶላት ቀዷ አወጣለሁ" እያልኩ 23 ቀን ሄደ።

ትልቁ ስህተቴ እሱ ነበር። ይሄ "ሲሻለኝ" የሚባል ቀን የለውም። ዳነ የሚባለው ሰውም ባጉን ይዞ ነው የሚኖረው።

ከ23ኛው ቀን በኋላ ቤት ውስጥ መስገድ ጀመርኩ፤ ግን እንደ ሌባ። መስጂድ መሄድ አቆምኩ። አዛኑ መስኮቴ ሥር ነው የሚጮኸው። ሰው ሲጠይቅ "ገና አልጠነከረም" በሉ እላለሁ። አዲስ ዓለም፣ የድሮ ሰዎች እስላም ቤት የሚሉት፣ እንዴት እንደተቆረቆረ የጎንደር ልጅ ያውቀዋል። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በፈረንጆቹ 1668፣ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ ለብቻው ይስፈር ተባለ። አያቶቻችን ወደ ቀሃ ወንዝ ወርደው ሸማ እየሠሩ፣ እየነገዱ ኖሩ። እነሱን የለያቸው የንጉሥ አዋጅ ነው። እኔን ግን ማን አዘዘኝ? ራሴን ራሴ ለይቼ ጓዳ ውስጥ ከተትኩ።

በዚያን ጊዜ ሁለት ሌላ ጥፋት ሠራሁ። አንደኛው መታጠብ ነው። ለየሶላቱ ባጉን ከነተለጣፊው እነቅልና ቆዳውን በልብስ ሳሙና እፈትገዋለሁ። ነጃሳ፣ ሶላት የሚከለክል ቆሻሻ፣ ቀርቶ ይሆናል እያልኩ ሦስቴ፣ አራቴ። በሁለት ሳምንት ቆዳው ተላጠ። የተላጠ ቆዳ ያዣል፣ የሚያዥ ቆዳ ላይ ደግሞ ባግ አይጣበቅም። ሳይጣበቅ ሲቀር ያፈሳል፤ ሲያፈስ የባሰ እታጠባለሁ። ባጉም እንዲህ በቀን አምስት ጊዜ ተነቅሎ የሚዘልቅ ነገር አይደለም፣ ፋርማሲ ሄዶ ማግኘቱም ሌላ ጣጣ ነው። ያለቀብኝ ቀን ፌስታል በነጠላ ቁራጭ ሆዴ ላይ አስሬ ውያለሁ። ሁለተኛው ጥፋት አለመብላት ነው። ካልበላሁ አይወጣም ብዬ እስከ ማታ ጦሜን እውል ጀመር። ሰገራው ቀነሰ፤ አየሩ ግን ባሰበት። ባዶ አንጀት አየር ያበዛል ማለትን ማን ነገረኝ!

የነገረችኝ አንዲት ነርስ ናት። ለቀጠሮ ሄጄ ቁስሉን ስታይ ደነገጠች። "በምንድን ነው ያጠብከው?"

"በሳሙና፣ ሲስተር።"

"በቀን ስንት ጊዜ?"

"በየሶላቱ።"

ዝም ብላ አየችኝ። ማዕተቧ አንገቷ ላይ ነው። "ይሄ ቆዳ ነው፣ ጆንያ አይደለም" አለችና እጄን ይዛ አሳየችኝ። ለብ ያለ ውሃ ብቻ። በስሱ ጨርቅ ጠረግ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ምንም አይጣበቅም። የተለጣፊውን ቀዳዳ ከአንጀቱ ጫፍ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ሰፋ አድርጎ መቁረጥ። ሰፍቶ ከተቆረጠ ሰገራው ቆዳውን ያገኘዋል። ከመለጠፍ በፊት ተለጣፊውን በመዳፍ መሐል ትንሽ ማሞቅ፣ ከለጠፉ በኋላም መዳፍን ጭኖ ትንሽ መቆየት። ባጉን መንቀል ሳይሆን ከታች ከፍቶ ማፍሰስ፤ ያውም ሲሶው ሲሞላ፣ ሙሉ እስኪሆን ሳይጠበቅ። የአንጀቱን ጫፍ ስንጠርገው ጥቂት ደም ጠብ ቢል አያስደነግጥም፣ ሥጋው ስስ ስለሆነ ነው።

ከዚያ "ስለ ሶላቱ እኔ አላውቅም" አለችኝ። "ግን ቤትህ ተቀምጠህ በራስህ ላይ አትፍረድ። የሚያውቅ ሰው ጠይቅ።"

መጋቢት ላይ በልጅነቴ ቁርኣን ያቀሩኝ ሸህ ቤት ሄድኩ። መስጂዳቸው ሳይሆን ቤታቸው። ከዐስር ሶላት በኋላ ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙኝ። "ነጃሳ ነኝ" ስል አዘንኩልህ ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ ሌላ ነው።

"የሚወጣው መቼ መቼ ነው?"

"ሁልጊዜ ነው፣ አባ።"

"ሁልጊዜ ማለት? ሌሊትም? ሱብሒ ላይስ? ከምሳ በፊት ነው ከምሳ በኋላ?"

አላውቅም አልኩ። እውነትም አላውቅም ነበር።

"አንተ ልብስ ሰፊ አይደለህ እንዴ? ሳትለካ ትቆርጣለህ?" አሉኝ። "ሂድና ለክተህ ና።"

የትዕዛዝ ደብተሬን አወጣሁ። በአንዱ ገጽ የደንበኛ ወገብና ትከሻ አለ፣ በሌላው የራሴን ጻፍኩ። ሰዓት፣ ምን በላሁ፣ አየር ነው ወይስ ሰገራ። ስምንት ቀን መዘገብኩ። ሁልጊዜ ያልኩት ነገር ሁልጊዜ አልነበረም። ከሌሊቱ አጋማሽ እስከ ቁርስ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ጠዋት ቡና ስጠጣ ይነሳል። ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈሳል። ከእራት በኋላም እንደዚያው። ሽሮ፣ ባቄላና ጥቅል ጎመን የበላሁ ቀን አየሩ ሰዓት አይመርጥም።

ይህን ይዤ ስመለስ ነው ሸሁ ፍርዱን የነገሩኝ። እንዲህ ነው፦ ውዱእ አድርጎ ፈርዱን፣ ግዴታውን ሶላት፣ ለመስገድ የሚበቃ የታወቀ ፋታ በሶላቱ ወቅት ውስጥ ካለ፣ ያን ፋታ ጠብቆ በሙሉ ጡሃራ፣ በሙሉ ንጽሕና፣ መስገድ ግድ ነው። ሱብሒ፣ የንጋቱ ሶላት፣ ላይ እኔ እንደ ማንኛውም ሰው ነኝ ማለት ነው። ፋታ በማይታወቅበት ወቅት ግን ባለ ዑዝር፣ ምክንያት ያለው ሰው፣ ነኝ። ሽንቱን መቆጣጠር እንደማይችል ሰው፣ ደሟ እንደማይቆምላት ሴት። ወቅቱ ከገባ በኋላ ባጉን አፈስሳለሁ፣ አካባቢውን አጸዳለሁ፣ ውዱእ አደርጋለሁ፣ ሳልዘገይ እሰግዳለሁ። መሐል ላይ የሚወጣው ሶላቴን አያፈርስም። እኔ በተማርኩበት በሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም የሃይማኖት ሕግ መንገድ፣ አንድ ውዱእ ለአንድ ፈርድ ነው፤ ሱናውን፣ ግዴታ ያልሆነውን ሶላት፣ የፈለጉትን ያህል መስገድ ይቻላል። በሐነፊና በሐንበሊ ወቅቱ እስኪወጣ ይበቃል። ማሊኪዎች ደግሞ ከዚህም ያቀልላሉ። "የቀራህበትን ያዝ" አሉኝ ሸሁ፣ "ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ አትዝለል። የተውከውንም ቆጥረህ አውጣ።" 23 ቀን በአምስት፣ 115 ሶላት። እሱም ደብተሩ ላይ ተጻፈ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያወጣሁ አንድ በአንድ ሰረዝኩት።

ከዚያ የፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽን ታሪክ ነገሩኝ። የነቢዩን ሐዲስ የሰበሰቡት ቡኻሪ ዘግበውታል። ደሟ የማይቆም ሴት ነበረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ መጥታ ንጹሕ መሆን አልቻልኩም፣ ሶላት ልተው ወይ ብላ ጠየቀች። አይደለም፣ ያ ከደም ሥር የሚመጣ ነው አሏት። የወር አበባዋ ቀን ሲያልፍ ደሙን ታጥባ እንድትሰግድ፣ ለየሶላቱም ውዱእ እንድታደርግ ነገሯት። እኔ ጓዳዬ ውስጥ በራሴ ላይ የፈረድኩትን ጥያቄ እሷ በአፏ ጠይቃ መልስ አግኝታበታለች። ከ1,400 ዓመት በፊት። ምነው እኔም እንደሷ በጊዜ በጠየቅኩ አልኩ።

"መስጂድስ?" አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። ይህም ቡኻሪ ውስጥ ነው፦ ከነቢዩ ባለቤቶች አንዷ ደም እየፈሰሳት መስጂድ ውስጥ ኢዕቲካፍ ገብታለች፤ ለአምልኮ እዚያው መቆየት ማለት ነው። ስትሰግድ ሳህን ከሥሯ የሚደረግበት ጊዜ ነበር። "መስጂዱን እንዳታቆሽሽ ተጠንቀቅ፣ ሽታው ሰው እንዳያስቸግር ተጠንቀቅ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?" አሉኝ። ያ ሳህን ከዓይኔ አይጠፋም።

እና ጓዶች፣ ጥያቄ ይዛችሁ ስትሄዱ መልሱ በእጃችሁ ባለው መረጃ ልክ ነው። "ሁልጊዜ ይፈሳል" ብላችሁ ከሄዳችሁ የምታገኙት ፍርድ ለሌላ ሰው ነው። መዝግቡ። ሐኪማችሁንም ጠይቁ።

አሁን እንዴት እንደምኖር ልንገራችሁ። ተለጣፊውን የምቀይረው ማክሰኞና ዐርብ ጠዋት ነው፣ ምንም ሳልበላ፣ አንጀቱ ተኝቶ ሳለ። ዐርብን የመረጥኩት የጁሙዓ ትጥበት ስላለ ነው። ባጉን አውልቆ መታጠብ ይቻላል፣ ውሃ በቀዳዳው ወደ ውስጥ አይገባም፤ እኔ ግን ይህን ፈርቼ ስንት ጊዜ በሰፍነግ ተጠርጌያለሁ። በሌላው ቀን ከሶላት በፊት ማፍሰስ ብቻ ነው። የፈሰሰ ባግ ሱጁድ ላይ፣ ግንባር መሬት ሲነካ፣ አይፈነዳም። የሞላ ባግ ግን ይለቃል፣ ደርሶብኛል፣ ስለ እሱ አላወራም።

ወስዋስ የሚባለው ነገር አይለቅም ነበር። "ወጣ መሰለኝ" ይላል ልብ። ሸሁ የሰጡኝ መመሪያ የታወቀው ነው፦ እርግጠኛ የሆንክበትን በጥርጣሬ አትፍታው። ሱብሒ ላይ ካላየሁ፣ ካልሰማሁ፣ ካልሸተተኝ የለም። ሶላት ውስጥ ጃኬቴን ገልጬ ባጉን ማየት አቆምኩ። ይቺን ለመተው ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

የድምፁም ነገር አለ። ኢማሙ ዝም ባለበት ሰዓት ሆዴ ይጮሃል፣ ሆድ እንደሚጮኽ ሳይሆን ፈስ እንደሚመስል። መጀመሪያ የተመለስኩ ቀን አጠገቤ የቆመ ልጅ ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ቂያም ላይ፣ ቆመን ስንሰግድ፣ እጅ ሆድ ላይ መታጠፉ ጠቀመኝ። የግራ ክንዴን ትንሽ ጫን ሳደርገው ድምፁ ይታፈናል። ልጁ አሁን ያውቃል፣ ሰላም ስንለዋወጥ "ዛሬ ዝም አለ አይደል?" ይለኛል፣ ባለጌ። አንድ ትልቅ ሰው ግን እኔ ስቆም ሰልፉን ለቅቆ ወደ ዳር ሄዷል። ለሁለት ቀን ቤቴ ዋልኩ። ሦስተኛው ቀን ሳህኗ ትዝ አለችኝና ሄድኩ።

ቀበቶውን ራሴ ነው የሰፋሁት። ይሄን በደንብ ልግለጸው፣ ሰፊ ቤት የምታውቁ አሠሩበት። አቡጀዲ ድርብ አድርጎ፣ ስፋቱ አንድ መዳፍ። ከኋላ አራት ጣት የሚሆን ላስቲክ፤ ሙሉውን ላስቲክ ካደረጋችሁት ሆድ ይጫናል። ከፊት በግራ በኩል የባጉ አንገት የሚያልፍበት ክብ ቀዳዳ፣ ዳሩ በእጅ የተዘመዘመ፣ ማሽን ዳሩን ስለሚያሻክረው። ከቀዳዳው በታች ባጉ የሚቀመጥበት ኪስ፣ አፉ ወደ ታች የሚከፈት፣ በአንድ ቁልፍ። ኪሱ ባጉን ይደግፋል፣ ሩኩዕ ላይ ጎንበስ ሲባል ወደ ፊት አይንጠለጠልም፣ ፕላስቲኩም ቆዳ ላይ አያልብም። በላዩ ረጅም ሸሚዝ ወይም ጀለቢያ ከሆነ የሚያይ የለም። እስካሁን ለ11 ሰው ሰፍቻለሁ፣ ስምንቱ ክርስቲያኖች ናቸው። አንደኛው ከአዘዞ የመጣ አዛውንት፣ ከቅጥር ውጭ ቆሜ ነው የማስቀድሰው አለኝ። ንስሐ አባትዎን ጠይቀዋል ወይ አልኩት። አልጠየቅኩም አለ። ሳቄ መጣ፣ ቆጨኝም።

የውሃ ነገር የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ቧንቧ በወረፋ ነው። ቀዶ ሕክምናው ሦስት ወር ሲሞላው "ውሃ መጣ!" ሲባል 20 ሊትር ጀሪካን ብድግ አደረግኩ። ለጡሃራዬ ነው ብዬ እኮ ነው! በሳምንቱ ከቀዳዳው አጠገብ ሆዴ አበጠ። አንጀት በጡንቻው ክፍተት ሲገፋ ነው አሉኝ፣ ሄርኒያ ነው። እስከ ዛሬ አለ። ከባድ ነገር አታንሱ፣ አደራ፣ ሰው ለምኑ። ለውዱእ ደግሞ ብዙ ውሃ አያስፈልግም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙድ በሚባል መስፈሪያ በአንዱ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ሊትር አይሞላም፣ አንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድና ትንሽ ጨመር ብትሉ ነው። ሱቄ ውስጥ ሁለት ሃይላንድ ሞልቼ አስቀምጣለሁ፣ አንዱ ለውዱእ፣ አንዱ ለባጉ።

ረመዳን በዚያ ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ገባ። ሐኪሜ ፈቀደልኝና ጾምኩ። የእናንተን የእናንተ ሐኪም ይናገር፤ በተለይ ቀዳዳው ከትንሹ አንጀት የሆነ ሰው ብዙ ውሃና ጨው ስለሚወጣው የኔን አይቶ እንዳይጾም። ቀን ቀን ቀላል ነበር። ፈተናው ተራዊሕ፣ የረመዳን የማታ ሶላት፣ ነው፤ ካፈጠርኩ በኋላ ያለው ሰዓት ለኔ ዋናው የመፍሰሻ ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማታዎች በሳምቡሳ አበላሸኋቸው። ከዚያ በቴምር፣ በውሃና በትንሽ ሾርባ አፍጥሬ፣ ተራዊሕ ሰግጄ፣ ዋናውን ምግብ ከመስጂድ ስመለስ መብላት ጀመርኩ። ባለቤቴ ሳምቡሳዬን በሰሐን ከድና ታቆየኛለች። በዚያ ወር ሁለት ማታ ብቻ ነው የቀረሁት።

ሕመማችሁ ሌላ ከሆነ መልሱም ሌላ ነው። የስኳር ቁስል እግሩ ላይ ያለ ሰው ውሃ ይጎዳሃል ከተባለ የማበስና የተየሙም፣ በአፈር የመንጻት፣ መንገድ አለ። ቆሞ መስገድ ላቃተው ዒምራን ኢብን ሑሰይን የኪንታሮት ሕመም ይዟቸው ነቢዩን ሲጠይቁ፣ ቆመህ፣ ካልቻልክ ተቀምጠህ፣ ካልቻልክ በጎንህ ተብለዋል። ጥያቄያችሁ የሚያሳፍር ከመሰላችሁ፣ እሳቸው የጠየቁት በኪንታሮት ምክንያት ነው።

ዐርብ ጠዋት ቡና አልጠጣም፤ ኹጥባው፣ የጁሙዓው ስብከት፣ መሐል ላይ ይነሳብኛል። ባለቤቴ ግን አትተውም፣ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ ከጎረቤት ጋር ትጠጣለች። ለኔ ሦስተኛዋን ጀበናው ውስጥ ታስቀርልኛለች። ከጁሙዓ ስመለስ ረመጡ ላይ አሙቃ "ና፣ አሁን ይፍሰስ" ትለኛለች።